ቆንጠጥ አድርጋት

ዶክተሩ ጣቱን ወደ በሩ ደወል ዘርግቶ፣ ገና ሳይጫነው፣ ከውስጥ ጥፊ ጮኸ። ጥፊ መሆኑን ለመለየት የተለየ ጆሮ አያስፈልግም፤ ዶክተሩ ግን የተለየ ጆሮ ያለው ሰው ነው፣ የሚተዳደረውም በጆሮው ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ደፈን ያለ ነበር፣ ቡጢ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሱ ቀጥሎ አንድ ከባድ ዕቃ ከቦታው ነቅነቅ ሲል በሆዱ ያሉት ጠርሙሶች ተንጫጩ። ፍሪጅ ነው። ከዚያ የወንድ ድምፅ ተከተለ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ታፍኖ በጥርስ መሃል የሚወጣ ድምፅ። «ባለሙያው ራሱ ነው ያለኝ! ዶክተሩ ራሱ! ቆንጠጥ አድርጋት አለኝ፣ ሰምተሻል? ቆንጠጥ!»

ዶክተር የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው እንጂ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰዉ ኩሽና ተንበርክኮ፣ የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ያዩት ሰዎች ናቸው ስሙን የለጠፉበት። እሱም አልጠላውም። «ሳል ይዞታል» ይላል፤ «ልቡ ደህና ነው፣ ደም ሥሩ ነው የተደፈነው» ይላል፤ ደንበኞቹም ይስቁለታል። ከቀልዶቹ ሁሉ የማይሰለቸው ግን በስልክ የሚናገራት ናት። ሰው ደውሎ ፍሪጄ አላቀዘቅዝ አለ ሲለው፣ ገና ምኑንም ሳያይ፣ «በሩ ክፍት እየቀረ ይሆናል፤ እስቲ እመቤቲቱን ቆንጠጥ አድርጋት፣ ካልተሻለው እመጣለሁ» ይላል። ግማሹን ጊዜ እውነትም በሩ ሆኖ ስለሚገኝ መንገድ ይቆጥብለታል። ባለፈው ማክሰኞም አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ ከትልቅ ማቀዝቀዣ ሥር ተጋድሞ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ወትፎ፣ ይህችኑ ብሎ ስቋል። የደወለለት የዚህ ቤት ሰው ነበር።

ቆንጠጥ ማለት እኮ ጠበቅ አድርጋት፣ ምከራት፣ ቢበዛ ተቆጣት ማለት ነው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? እናቶች ልጆቻቸውን፣ አለቆች ሠራተኞቻቸውን ቆንጠጥ ያደርጋሉ፣ ማንም ማንንም አይገድልም። ዶክተሩ በሩ ፊት ቆሞ ከራሱ ጋር እንዲህ ሲሟገት ሦስተኛው ምት ወረደ። ከሴቲቱ በኩል ጩኸት ቀርቶ ትንፋሽ እንኳ አልተሰማም፤ እሱ ይበልጥ አስፈራው። መሄድ አማረው። እውነቱን እንናገር ከተባለ አንድ እግሩ የመጀመሪያውን ደረጃ ወርዶ ነበር። መሣሪያው ከብዶታል፣ ሌላ ሁለት ቤት ይጠብቀዋል፣ የባልና ሚስት ነገር ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው? ግን ከውስጥ የተጠራው የሱ ስም ነው። ተመልሶ ደወሉን ተጫነውና በሩ እስኪከፈት ድረስ ጣቱን አላነሳም።

የከፈተው ባልየው ነበር፣ የመኪና መንዳት አሠልጣኙ። በጥንቃቄ የተተኮሰው ነጭ ሸሚዙ ብብቱ ላይ ረጥቧል። «ዶክተር! እንኳን ደህና መጡ! ደረጃው አላደከመዎትም?» አለ፣ ትንሽ ቁና ቁና እየተነፈሰ። ዶክተሩ ይህን ሰው ያውቀዋል፣ ደግሞም ያከብረው ነበር። ዓምና የመጨረሻ ልጁን መኪና ያስተማራት እሱ ነው። ልጅቱ ገበያ መሃል ሦስት ጊዜ ሞተር አጥፍታበት፣ ከኋላ ያለው ሹፌር ሁሉ ሲያንባርቅባት፣ አሠልጣኙ ግን «አይዞሽ እህቴ፣ መንገዱ የትም አይሄድም» ብሏት ነበር። ልጅቱ ማታ ይህን ስታወራ ዶክተሩ ለሚስቱ፣ እንዲህ ዓይነት ባል ነው እንግዲህ ለልጃችን፣ ብሎ ነበር። አሁን ይኸው ሰው እጁን ዘረጋለት። የቀኝ መዳፉ ቀልቷል፣ ይሞቃልም።

ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ አንድ ሶፋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥን። የአሠልጣኙ እናት፣ እማማ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጥለው፣ ያበጡ እግሮቻቸው ላይ የወንድ ካልሲ አጥልቀው ኳስ ጨዋታ ያያሉ። ኳስ እንደማይወዱ ያስታውቃል፤ ዓይናቸው ከስክሪኑ በላይ ያለውን ባዶ ግድግዳ ነው የሚያየው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ግን ጣሪያ ድረስ ተለቋል። «ደህና ነህ ልጄ?» አሉት፤ መልሱን ሳይጠብቁ ሪሞቱን አንስተው ድምፁን ዝቅ አደረጉ። ለምን ከፍ እንዳደረጉት፣ ለምን አሁን ዝቅ እንዳደረጉት ለመጠየቅ ቂል መሆን ያስፈልጋል።

ኩሽናው ውስጥ ሚስትየው ተንበርክካ የፈሰሰ ወተት ትወለውላለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባዋለች። ቀና ብላ በጭንቅላቷ ሰላም ስትለው አንደኛው ጉንጯ ከሌላው በቀለም ተለየበት። ፍሪጁ ከዕቃ ማጠቢያው ጎን ቆሟል፤ ረጅም፣ ነጭ፣ ከሰው ቁመት ከፍ የሚል። ሲከፈት የኮመጠጠ ሽታ ፊቱን መታው። ቅቤው ቀልጦ ሳህኑን ሞልቷል፣ ቲማቲሙ ላብ አውጥቷል። በሩ ላይ፣ እንቁላል የሚቀመጥበት መደርደሪያ ውስጥ፣ የእማማ የስኳር በሽታ መድኃኒት በመስታወት ብርጭቆ ተቀምጦ፣ ዙሪያውን እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ጨርቁን ያለበሰው ማን እንደሆነ ዶክተሩ አልጠየቀም፤ የሴቲቱ ጣቶች ጫፋቸው በውሃ ብዛት ተጨማዷል።

«ሐሙስ ዕለት እናቴ ወደቀች» አለ አሠልጣኙ፣ የመንገድ ምልክት የሚያስረዳ ያህል በለሰለሰ ድምፅ። «መድኃኒቱ ሞቆ ኃይሉን አጥቷል አሉን ሐኪሞቹ። ዶክተር፣ እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ ባልጠጣ አልሞትም። ግን በር መዝጋት ያቃታት ሰው እናቴን ልትቀብርብኝ ነበር። አሁን ይዩትና በሩ መሆኑን እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። ከኔ አልሰማ ብላለች።» ይህን ሲል ወደ ሚስቱ አላየም። ስልኩ ጮኸ፤ ከታች መኪናው የሰው መውጫ ዘግታለች። «መጣሁ» ብሎ ቁልፉን አንስቶ ወጣ፤ የቤቱንም በር ከኋላው ቆልፎ ይሁን ዘግቶ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ ገፍቶ አረጋገጠና ወረደ።

ዶክተሩ ሥራ ጀመረ፤ ሲጨንቀው የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። ፍሪጁን ከግድግዳው ስቦ ጀርባውን አየ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ሞተሩ ላይ ካቻቢቴውን ተክሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩ እንደ ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ነው፤ አያቃስት፣ አይንተፋተፍ። ጋዙም ይዞራል፣ ቱቦው ውስጥ ሲንሾካሾክ ይሰማዋል። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ደረደረና ከአምፖሉ ጎን ያለችውን የቅዝቃዜ ቁልፍ አየ። አንድ ላይ ናት። ከአንድ እስከ ሰባት ተጽፎባት፣ በዚህ ሙቀት፣ አንድ ላይ! አንድ ላይ ያለ ፍሪጅ ቁም ሳጥን ነው። «ይህን ማን ነው ወደ አንድ ያዞረው?» አለ። ሚስትየው የዕቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ከፈተች።

የመለሱለት እማማ ናቸው። ግድግዳውን ተደግፈው፣ በካልሲያቸው እየተንሸራተቱ፣ ኩሽናው በር ድረስ መጥተው ቆመዋል። «እኔ ነኝ» አሉ፣ በሹክሹክታ። «መድኃኒቴ እንዳይበላሽ ብዬ ነው። ቁጥር አንድ ማለት አንደኛ አይደለም እንዴ? አንደኛው ይሻላል ብዬ።» ዶክተሩ በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ዕቃው ሁሉ ቁጥር አንድ ነው እየተባለ ሲሸጥላቸው የኖሩ ሴት፣ ፍሪጁንም በዚያው ለኩት። «አይ እማማ፣ እዚህ ላይ አንድ የመጨረሻው ደካማ ነው» አላቸው። እማማ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ዓይናቸው ወደ ምራታቸው ጀርባ ሄዶ ተመለሰ። «እንዳትነግረው» አሉ። «ሲቆጣ እናቴ ናት አይልም።» ከዚያ የመጡበትን ግድግዳ ተደግፈው ወደ ሶፋው ተመለሱ፤ የኳሱ ድምፅ እንደገና ከፍ አለ።

ይህ ብቻ ቢሆን ቁልፏን አራት ላይ አድርጎ ይወጣ ነበር። ግን ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው አንድ ጥፋት አግኝቶ አይቆምም። ከኪሱ የቆየ ደረሰኝ አወጣና የሙያውን ተራ ፈተና ፈተነ፤ ወረቀቱን በሩ መሃል አድርጎ ይዘጋና ይስበዋል፤ የበሩ ጎማ ነክሶ ከያዘው ደህና ነው። ከታች ያዘው። ከጎን ያዘው። ከላይ በኩል ግን ወረቀቱ ያለ ምንም ተቃውሞ ወጣ፤ ጣቱም ይገባ ነበር። ብርሃን አብርቶ አየው። የላይኛው ማጠፊያ ተጣሟል። በሩ ክፍት እንዳለ አንድ ከባድ ነገር በኃይል ተወርውሮበታል፤ በውስጥ በኩል ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ ጎማው ከቦዩ ወጥቷል። ጎማውን ወደ ቦታው ሊመልስ ሲገፋው እጥፋቱ ውስጥ አንድ ነገር ያዘው። በፒንሳ ጫፍ ሳበው። ፀጉር ነው፤ ረጃጅም፣ ጥቁር፣ ሰባት ስምንት ዘለላ፣ ከነሥሩ የተነቀለ፣ ሥሩ ላይ የደረቀ ነገር ያለበት።

ዶክተሩ ስንጥቁን አየ፣ የሴቲቱን ቁመት አየ። ግንባሯ ትክክል ነው። «መቼ ነው ይሄ ልጄ?» አላት። ቧንቧውን ሳትዘጋ፣ ፊቷንም ሳታዞር፣ «ማክሰኞ» አለችው። «ከእርስዎ ጋር በስልክ እንዳወራ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «በር ክፍት ትቼ አላውቅም እኮ። ስከፍት እቆጥራለሁ። ወተት ላወጣም ቢሆን፣ መድኃኒት ላወጣም ቢሆን፣ እስከ አምስት ቆጥሬ እዘጋለሁ። አምስት አልፌ አላውቅም» አለች።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ቁልፏን አዞሩ፣ ፍሪጁ ሞቀ። ፍሪጁ ሲሞቅ ዶክተሩ ሳያይ ፈረደ፣ ሴቲቱ ተመታች። ሴቲቱ ስትመታ በሩ ተጣመመ፣ በሩ ሲጣመም ፍሪጁ የባሰ ሞቀ፤ የባሰ ሲሞቅ የባሰ ተመታች። ነገም ይኸው ነው፣ ከነገ ወዲያም። በሩ በእውነት አይዘጋም፤ ባልየው በእያንዳንዱ ጠዋት ክፍት ያገኘዋል፤ ክፍት ባገኘው ቁጥር የከፈተችውን ያውቃል። ዶክተሩ ፀጉሩን በደረሰኙ ጠቅልሎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለምን እንደከተተው እሱም አላወቀም፤ መሬት ላይ መጣል ግን አልቻለም።

የቤቱ በር ተከፍቶ ተዘጋ። አሠልጣኙ እጁን እያሻሸ ገባ። «ታዲያስ ዶክተር? በሩ ነው አይደል?» ዶክተሩ አንድ አፍታ አሰበ። በሙያው ማንንም የማያስቀይም ውሸት አለ፤ ጋዝ አልቋል ይባላል። ጋዝ የማንም ጥፋት አይደለም፣ አይታይም፣ ማንም ሊያጣራው አይችልም። ጋዝ አልቋል ብሎ ፍሪጁን አስጭኖ ቢወስደው ሴቲቱ ለሁለት ቀን ታርፍ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ግን ፍሪጁ ይመለሳል፣ እሷም እዚሁ ናት፣ እጁም እዚሁ አለ። ዝም ማለት ደግሞ መመስከር ነው።

«በሩ ነው» አለ ዶክተሩ።

አሠልጣኙ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰማሽ? አሁን ሰማሽ?» እጁ መነሳት ጀምሮ ነበር።

«አልጨረስኩም። ና፣ እየው» አለ ዶክተሩ፣ ተንጠራርቶ ግራ እጁን ከላይኛው ማጠፊያ ሥር፣ በበሩና በአካሉ መሃል አስገብቶ ክፍተቱን እያሳየ። «ማጠፊያው ተጣሟል። ማንም ከፍቶት አይደለም፣ አልዘጋ ብሎ ነው። ያጣመምከው ደግሞ አንተ ነህ። በሷ ጭንቅላት ነው ያጣመምከው። ፀጉሯን ከጎማው ውስጥ አውጥቻለሁ።»

አሠልጣኙ ፈገግ እንዳለ ቀረ፤ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ለመውረድ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ በእግሩ ጫማ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ በሩን ረገጠው። የዶክተሩ ሦስት ጣቶች በበሩና በብረቱ መሃል ነበሩ። ዶክተሩ ድምፁን ሰማው፣ ድምፅ የሚያውቅ ሰው ነውና መጀመሪያ የሰማው ከሕመሙ በፊት ነው፤ እርጥብ ጭራሮ ሲሰበር የሚያወጣው ድምፅ ነበር። «አንተ ማን ነህ?» ይላል አሠልጣኙ፣ እርስዎ ማለቱን ትቶ፤ «አንተ ሽማግሌ፣ ማን ነህ ቤቴ ገብተህ የምትፈርድብኝ? ራስህ አይደለህም ያልከው? ራስህ አይደለህም?» በሩን እንደገና ረገጠው። ጣቶቹ ገና አልወጡም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዶክተሩ በቁርጥራጭ ነው የሚያስታውሰው። አንገቱን ተይዞ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ፤ የደረደራቸው የመስታወት መደርደሪያዎች ወለሉ ላይ ተከሰከሱ። መስታወቱ ላይ ተንከባለሉ፤ አንዱ ስባሪ ክንዱን ሰነጠቀው። ጡንቻው የደነደነ፣ በሃያ ዓመት የሚያንሰው ሰው ደረቱ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን በሁለት እጁ ይጨምቃል፤ እየጨመቀም በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ቀስ፣ ቀስ፣ አትንፈራገጥ» ይለዋል። የዶክተሩ ቀኝ እጅ መሬቱን ሲዳስስ ካቻቢቴውን አገኘው። ረጅም ነው፣ የሰላ ነው፣ የሰውየው ጎን ደግሞ በነጭ ሸሚዝ ብቻ ተሸፍኖ ፊት ለፊቱ ነው። ሊወጋው ፈለገ። በሕይወቱ ሙሉ ምንም ነገር እንደዚያች ቅጽበት አጥብቆ ፈልጎ አያውቅም። ልጁ ያወራችለትን ደግ አሠልጣኝ፣ ፀጉሩን፣ ማክሰኞን፣ ሁሉንም በዚያች ብረት ጫፍ ሊያወጣው ክንዱን ሰበሰበ።

«አንድ!» የሚል የሴት ጩኸት ቤቱን ሰነጠቀው።

ሁለቱም ዞሩ። ሚስትየው ኩሽናው ውስጥ የለችም። የቤቱን በር እስከ ግድግዳው ድረስ ከፍታ፣ በጀርባዋ ደግፋ ይዛ ቆማለች። ሻሿ ወድቋል፤ ከግንባሯ በላይ፣ ፀጉሩ የነበረበት ቦታ፣ ቀይ ቆዳ ሆኗል። «ሁለት!» አለች፣ ወደ ደረጃው። ባልየው ዶክተሩን ለቆ ተነሳ። «በሩን ዝጊ» አላት፣ ድምፁን አፍኖ። «ሦስት!» ሳሎኑን በሦስት እርምጃ አቋርጦ ደረሰባት፣ በሩን ሊገፋ ሞከረ፤ አልተነቃነቀችም። በቡጢ አፏን መታት። «አራት» አለች፣ ከደም ጋር። ፀጉሯን ይዞ ጭንቅላቷን ከበሩ ጠርዝ ጋር አላተመው። «አምስት።» ከዚህ በላይ ቆጥራ እንደማታውቅ ዶክተሩ ያውቃል፤ መስታወቱ ላይ በጉልበቱ እየዳኸ፣ የተሰበረ እጁን ታቅፎ፣ ጆሮውን ብቻ አቁሞ ጠበቃት። በሩ አልተዘጋም።

«ስድስት!» አለች፤ «ሰባት! ስምንት!»

ዘጠኝ ሳትል የሁለተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ፣ ግዙፍ ሴት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ መቀሷን በእጇ እንደያዘች ደረጃው ላይ ብቅ አለች። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች፣ ከነሱ ኋላ ሌሎች። አሠልጣኙ የሚስቱን ፀጉር ለቀቀ። ሸሚዙን ወደ ሱሪው ከተተ። ያ ለስላሳ ድምፅ ተመልሶ መጣ። «ይቅርታ እህቴ፣ አስደነገጥናችሁ። ይህ ጠጋኝ ነኝ ባይ ቤቴ ገብቶ ሚስቴን...»

«ዝም በል!» አለችው ልብስ ሰፊዋ። «ጣሪያዬ ላይ ዕቃ ሲወድቅ ስሰማ ነው የከረምኩት። ምን ወደቀ ብዬ ስጠይቅም ዕቃ ነው ትለኛለህ። ዕቃው ማን እንደሆነ አሁን አየሁት።» ወደ ሶፋው ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ ይናገሩ። ምን ሆኖ ነው?»

ሁሉም እማማን አዩ። ልጃቸውም አያቸው። ኳሱ አሁንም ይጮሃል፤ ግብ ገብቶ ይሆን ሕዝቡ ያብዳል። እማማ ሪሞቱን ፈልገው አጠፉት። የልጃቸውን እጅ አዩ፣ የምራታቸውን አፍ አዩ። ከዚያ፣ «አንድ ላይ ያዞርኩት እኔ ነኝ» አሉ። ደረጃው ላይ ከቆሙት ማንም አልገባውም። «ፍሪጁን። እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም። እሷ ምንም አላደረገችም። ይኸው፣ እኔንም ምታኝ።»

«አውቃለሁ እማማ» አለች ሚስትየው፣ ደሟን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ሲያዞሩት አይቻለሁ። እኔ ወደ አራት እመልሰዋለሁ፣ እርስዎ ወደ አንድ ይመልሱታል።» በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ይቅርታም አልነበረም። ሁለት ሴቶች በአንድ ጠባብ ኩሽና ውስጥ ያችን ቁልፍ ተራ በተራ ሲያዞሯት ሰንብተው አንድ ቃል ሳይነጋገሩ መክረማቸውን ዶክተሩ አሁን ተረዳ። አሠልጣኙ ወደ እናቱ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ያን ጊዜ ነው ሁለቱ ወንዶች ገብተው ክንዱን የያዙት። ፖሊሶቹ እስኪመጡ ድረስ ደረጃው ላይ አስቀመጡት። ሲመጡም በትሕትና ተነስቶ፣ እርስዎ እያለ፣ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑን ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ እነሱ ግን የሚስቱን ፊት፣ የዶክተሩን እጅ አይተው ነበር። ወሰዱት።

ሚስትየው አንድ ቦርሳ ብቻ ነው የያዘችው። ከመውጣቷ በፊት ኩሽና ገብታ፣ በመስታወት ስባሪው ላይ በጥንቃቄ ተራምዳ፣ መድኃኒቱን ከነብርጭቆው፣ ከነእርጥብ ጨርቁ አወጣችና ለልብስ ሰፊዋ ሰጠቻት። «አንቺ ዘንድ ይቀመጥላቸው። ቁጥሩ አራት ላይ ይሁን» አለቻት። የፍሪጁን በር አልዘጋችውም። ዶክተሩ እጁን በፎጣ ጠቅልሎ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሊነግራት ፈራ፤ ባይነግራት ደግሞ ማንም የሚያውቅበት አይመስለውም። «ልጄ» አላት፣ «ያን ነገር በስልክ ያልኩት እኔ ነኝ። ቆንጠጥ አድርጋት ያልኩት። ቀልድ ነበር።»

ቆም ብላ አየችው። አንድ ዓይኗ ሊዘጋ ነው። «ሰምቻለሁ» አለችው። «ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። ሲስቁም ሰምቼዎታለሁ።» ከዚያ ልብስ ሰፊዋን ተደግፋ ወረደች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሦስቱንም ጣቶች አስተካክለው በጄሶ አሰሩለት። ክንዱን ሰፉለት። ጉሮሮው ላይ አሥር ጣት ሰማያዊ ሆኖ ታትሟል። ነርሷ ምን ሆነህ ነው ብትለው፣ የፍሪጅ በር፣ አላት፤ ሌላ ማለት አልቻለም። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ መድኃኒት እስኪሰጡት ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ። ስሙን የማያውቀው ደንበኛ ነው፣ ድምፁ የወጣት፣ ደስ የሚል ድምፅ፤ ከኋላው ሳህን ይንቀጫቀጫል። «ዶክተር፣ ፍሪጃችን አላቀዘቅዝ አለ እኮ። በር ክፍት እየቀረ ይሆን እንዴ?» አለ ሰውየው፣ ሊስቅ አፉን እያሰናዳ። ያችም ቃል፣ የሃያ ስድስት ዓመት ጓደኛው፣ ሳይጠራት በራሷ ጊዜ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ቁጭ አለች። ዶክተሩ ጥርሱን ነከሰባት።

«ስፒከር ላይ ነህ?» አለው።

«አዎ፣ እጄ ሥራ ይዞ ነው። ባለቤቴም እየሰማችህ ነው።»

ዶክተሩ ደረት ኪሱን ዳሰሰ፤ በደረሰኝ የተጠቀለለው ፀጉር አሁንም እዚያው ነው። «እመቤት» አለ፣ በሻከረ ጉሮሮው፣ አጠገቡ የተቀመጡት በሽተኞች ቀና ብለው እስኪያዩት ድረስ ጮክ ብሎ፤ «ትሰሚኛለሽ? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እኔ መጥቼ በዓይኔ እስካየው ድረስ እዚያ ቤት ውስጥ ማንም ምንም እንዳይነካ።» ዶክተሩ ሳህኖቹ መንቀጫቀጫቸውን ሲያቆሙ ሰማ፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሴቲቱ እስክትመልስለት አዳመጠ።